የጠበንጃ ብረት ስለማጥቆር

ብዙ ሰው የጠበንጃን በርሜል ጥቁር መልክ ከላይ እንደ ተቀባ ቀለም ይቈጥረዋል። ነገር ግን ቀለም አይደለም፤ ከራሱ ከብረቱ የተገኘ የዝገት ዓይነት ነው። ይህን ባለማወቅ በየቤቱ ከአያት የተወረሱ ጠበንጃዎች ይበላሻሉ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ (ስሙ የፈረንሳይ ሠሪውን የግራን ስም ይዟል) በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ «እንዲያበራ» ሲደረግ፣ ጥቁሩ ቆዳ ብቻ ሳይሆን በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥርና ዓመትም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የጠበንጃውን ታሪክ መርምሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ቀይ ዝገት ውኃ ያዘለና ልል ነው። ከተገኘበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም እንደገና ይጋለጣል። ጥቁሩ ዝገት፣ ማግኔታይት የሚባለው፣ ሦስት የብረትና አራት የኦክሲጅን አተሞች የተጣመሩበት ሲሆን ብረቱን ጠብቆ ይይዛል።

ቀዩን ወደ ጥቁር ለመለወጥ የሚያስፈልገው የፈላ ውኃ ነው። አሮጌው የአንጥረኞች ዘዴ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ጠበንጃው ጥይት የሌለበት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በርሜሉ ከሰደፉ ይለያል፤ ውስጡ እንዳይዝግ ይጠበቃል፤ ላዩም ከቅባት ሁሉ ይጸዳል። የጣት ወዝ እንኳ ቢነካው ያ ቦታ ሳይጠቍር ይቀራል። ከዚያ በውኃ የቀጠነ አሲድ በስሱ ተቀብቶ፣ ደቃቅ ቀይ ዝገት እስኪሸፍነው በእርጥብ አየር ይቀመጣል። ቀጥሎ ይቀቀላል፤ በላዩ የቀረው ልል ትቢያ እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ቀስ ብሎ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ በየዙሩም መልኩ እየጠለቀ ይሄዳል። የጕድጓድ ውኃ በውስጡ ያለው ማዕድን ነጠብጣብ ስለሚተው የዝናብ ውኃ ይሻላል። መጻሕፍቱ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው የሚነሡት በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሠሪው ሰዓቱን ሳይሆን የብረቱን መልክ ቢጠብቅ ይበጀዋል።

ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ፈጣን ዘዴ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት በ140 ዲግሪ ገደማ ማፍላት ነው። ይህን በወጥ ቤት መሞከር ዕብደት ነው እንላለን። በዚያ ሙቀት ላይ ውኃ ጠብ ቢል ወዲያው ተንኖ ገሞራውን ፊት ላይ ይረጨዋል። ከዚህም በላይ አሉሚኒየምን ይበላል፤ የባለ ሁለት አፍ ጠበንጃ በርሜሎች የተያያዙበትንም የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ያበላሻል። በብልቃጥ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቈሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መርዛማው ሴሌኒየም አለበት፤ የሚሰጠው መልክም ስስና ቶሎ የሚለቅ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቁሩ ሽፋን ብቻውን ከዝናብ አያድንም። ውፍረቱ ከጥቂት የሚሊ ሜትር ሺኛ አይበልጥም፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችም አሉት። ጥቅሙ እነዚህ ቀዳዳዎች ዘይት መያዛቸው ነው፤ ልሙጥ ብረት ላይ ዘይቱ ቶሎ ይጠረጋል፣ እዚህ ግን ይሰነብታል። ስለዚህ ከመጨረሻው ቅቀላ በኋላ ብረቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ዘይት ይጠጣል፤ በክረምትም፣ ሰው በነካው ቍጥር፣ እንደገና ይቀባል።