ከአደጋ ጊዜ ቦርሳ የሚረሳው ጓንት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ንጋት ላይ የጃፓኗን ኮቤ ከተማ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያተረፏቸው የነፍስ አድን ሠራተኞች ሳይሆኑ ቤተሰብና ጎረቤት ነበሩ። ጎረቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው መሣሪያ እጁ ብቻ ነው።

የመስታወት ስብርባሪ፣ ሚስማር ያገጠጠበት እንጨትና የተቀደደ ቆርቆሮ ባዶ እጅን በደቂቃዎች ውስጥ ከሥራ ውጭ ያደርጋሉ። ንጹሕ ውኃና ሐኪም በማይገኝበት ሰዓት ትንሽ ቁስልም ሊያመረቅዝ ይችላል። በመሆኑም ከውኃው፣ ከእጅ ባትሪውና ከመድኃኒቱ ጎን አንድ ጥንድ የሥራ ጓንት ሊቀመጥ ይገባል።

የትኛውም ጓንት ግን አይበቃም። ስሱ የሕክምና ጓንት ከደም ንክኪ እንጂ ከስለት አያድንም፤ ተራውን የጥጥ ጓንትም መስታወት በቀላሉ ይቆርጠዋል። በአውሮፓ የሚሸጡ የሥራ ጓንቶች የመዶሻ ምልክትና «ኢኤን 388» የሚል ጽሑፍ ይታተምባቸዋል። ከሥሩ ያሉት አራት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ጓንቱ መፈግፈግን፣ መቆረጥን፣ መቀደድንና መበሳትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። በአሜሪካ የመቆረጥ ደረጃው ከ«ኤ1» እስከ «ኤ9» ይደርሳል። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ቢላዋ የማይቆርጠውን ሹራብ መሰል ጓንት ሚስማር በቀዳዳዎቹ መካከል ሊያልፍበት ይችላል። ለፍርስራሽ መዳፉ ወፍራም ቆዳ የሆነ ጓንት ይመረጣል።

ሲገዙ ለክተው ይግዙ፤ የሰፋ ጓንት ገመድ አያስቋጥርም። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦን ግን በዚህ ጓንት ፈጽሞ አይንኩ፤ ለዚያ አልተሠራም።