ለመጀመሪያ ጊዜ የሠርግ ፎቶ ለሚያነሡ

በመሸንቲና በባሕር ዳር ዙሪያ ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነውና፣ በዚህ ወራት የመጀመሪያ ሠርግዎን ለማንሣት ተዋውለው እንደ ሆነ፣ ሥርዓተ ተክሊሉም ከቅዳሴ ጋር በማለዳ የሚፈጸም ከሆነ፣ በዋዜማው ወደ ደብሩ ሄደው የት መቆም እንደሚፈቀድልዎና ፍላሽ ማብራት ይቻል እንደ ሆነ ካህናቱን በትሕትና ይጠይቁ። አክሊሉ በመርዓዊና በመርዓት ራስ ላይ ሲደፋ ይደገምልኝ አይባልምና፣ ሹተሩን ከ1/125 ሰከንድ ሳያዘገዩ አይኤስኦውን ከፍ ያድርጉ፤ ምስሉ ጥቂት ቢሻክር ከሚደበዝዝ ይሻላል። ነጭ ሸማ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ተታልሎ ያጠቁረዋልና ብርሃኑን አንድ እርከን ይጨምሩ። ወደ ድግሱ ሲሄዱም የዳሱ ሸራ ሰማያዊ ከሆነ (ሸራ መራጮች ፎቶ አንሺን መቼ አማክረው ያውቃሉ!) የሁሉም ፊት ሰማያዊ ይሆናልና፣ ሙሽሮቹን ወደ ደጃፉ ያቅርቧቸው። ምስሎቹንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ሳይገለብጡ ካርዱን አይደምስሱ።