«ዜሮ» ያለው ሪፖርት ገበያ ጠፋ ማለት አይደለም
በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ጠዋት «ጎብኚ፦ 0» የሚል ሪፖርት ቢደርሰው፣ ማስታወቂያውን ከማቋረጡ በፊት የፋይሉን አድራሻ ያስፈትሽ። ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች የሎግ መዝገባቸውን የሚያኖሩት «/ቫር/ሎግ» ውስጥ ነው። አድራሻው ከመነሻው «/» ጀምሮ ያልተጻፈለት ስክሪፕት በሰው እጅ ሲታዘዝ ይሠራል፤ ሌሊት በ«ክሮን» ቀጠሮ ሲነሣ ግን ከሌላ ፎልደር ስለሚጀምር ፋይሉን ያጣዋል። ዊንዶውስ የለመደው ወደ ኋላ ያጋደለ ጭረትም ሊኑክስ ላይ ፎልደር አይለይም። መዝገቡም በየጊዜው ስሙ ይቀየራል፤ የትናንቱ ጫፉ ላይ «.1» ይጨመርበታል።
መፍትሔው ወጪ አይጠይቅም፦ ሙሉ አድራሻ መጻፍ፣ ፋይሉ መኖሩን አስቀድሞ ማስፈተሽ፣ ከታጣም ስክሪፕቱ «0» ሳይሆን «ስሕተት» ብሎ እንዲቆም ማዘዝ። ያልተቆጠረ ብር የለም አይባልም።