ጎዳናው የማያውቀው የቤት ቁጥር፦ ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ ስለ አድራሻ

የቤት ቁጥር በየትኛውም ከተማ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቤቱንና ነዋሪውን በአስተዳደር መዝገብ ላይ ለይቶ ማሳወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው አካባቢውን የማያውቅ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ እስከ ደጃፉ እንዲደርስ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባም ባይሆን ስትሠራ ቆይታለች፤ ሁለተኛውን ግን ለሰፈር ስም፣ ለታክሲ ረዳትና ለስልክ ጥሪ ትታዋለች። ይህ ጉድለት በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ሲታይ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የምሥራቁ የከተማ ክፍል በአብዛኛው በቅርብ አሥርት ዓመታት የተሠራ፣ በብዙ ቦታም መንገዱና ቤቱ በአንድ ፕላን የተነደፈለት አዲስ ከተማ በመሆኑ፣ ስምንና ቁጥርን ከጎዳናው ጋር አብሮ ለመዘርጋት ከአሮጌው መሀል ከተማ የተሻለ ዕድል ነበረው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተደራጀችው በጎዳና ሳይሆን በሰፈር ነው። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸውና ከነአገልጋዮቻቸው ሲሰፍሩ፣ ቦታው በአለቃው ስም ራስ ካሣ ሰፈር ወይም ደጃች ውቤ ሰፈር፣ አልያም በነዋሪዎቹ ሙያ ሠራተኛ ሰፈር ተብሎ ተጠራ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣሊያ ወረራ ለጎዳናዎች የራሱን ስሞች ሰጥቶ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ እነዚያ ተነሥተው እንደ ቸርችል ጎዳና ያሉ ስሞች ተተኩ። ከወረራው ዘመን በሕዝቡ አንደበት የቀሩት ግን እንደ ፒያሳና ካዛንቺስ ያሉት የአካባቢ ስሞች ናቸው፤ ነዋሪው የሚያስታውሰው የሚያልፍበትን መስመር ሳይሆን የሚወርድበትን ቦታ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ፖስታም ልማዱን አልለወጠውም። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ቢሆንም፣ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለነበረ፣ በሌሎች አገሮች ከተሞችን ቤት እንዲቆጥሩ ያስገደደው ቤት ለቤት የሚዞር ፖስተኛ እዚህ ያን ያህል ግፊት አላሳደረም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የቤት ቁጥር አስተሳሰብ የተወለደው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። ቀበሌው ኪራይ የሚሰበስብበት፣ መታወቂያ የሚሰጥበትና የነዋሪውን ጉዳይ የሚከታተልበት መዝገብ ስለሚያስፈልገው ቤቶቹን ቆጠረ፤ ቁጥሩም የቀበሌው እንጂ የጎዳናው አልሆነም። የአስተዳደር ወሰን ብዙ ጊዜ በመንገድ ስለሚከፈል፣ በአንድ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ቤቶች የሁለት ቀበሌ ሆነው ፈጽሞ የማይገናኙ ቁጥሮች ሊይዙ፣ ወይም ከዚያ የባሰ ተመሳሳይ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል።

ቁጥሩ የአስተዳደር ከሆነ አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር አብሮ መናወጡ አይቀርም። ቦሌ ውስጥ በቆየ ቤት የሚገኝ አሮጌ ሰነድ በቀድሞው ከፍተኛ 17 እና በቀበሌ ቁጥር የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በ1995 ዓ.ም. የከተማዋ ቻርተር አሥር ክፍለ ከተሞችን ሲያቋቁም የቀበሌዎቹ ወሰንና ቁጥር ተለወጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎቹ ታጥፈው ወረዳዎች ሆኑ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ ተመሠረተ። ቤቱ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል የአንድ ሰው አድራሻ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተለውጧል ማለት ነው። የነዋሪው ማስታወስ ከመዝገቡ የበለጠ ጽኑ ስለሆነ፣ ቀበሌ የሚባለው እርከን ከቀረ ከዓመታት በኋላም ሃያ አራት ቀበሌ የሰፈር ስም ሆኖ ዛሬም ይጠራል።

የአሠራሩን ድካም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በሐራጅ ማስታወቂያዎች፣ በውል ሰነዶችና በንግድ ፈቃዶች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው «ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ 03፣ የቤት ቁጥር አዲስ» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ነው። «አዲስ» የሚባለው ከቆጠራው በኋላ ተሠርቶ ቁጥር ያልወጣለት ቤት ሲሆን፣ ስያሜው ለጊዜው ተብሎ የገባ ቢሆንም በተግባር ግን ዓመታትን ያስቆጥራል፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ባንክም፣ ክሊኒክም፣ ፎቅ ሙሉ ቢሮም «አዲስ» በሚል አንድ ቃል ይመዘገባሉ። ግቢ ሲከፈል ደግሞ በቀድሞው ቁጥር ላይ ሀ፣ ለ እየተባለ ፊደል ይቀጠላል። እንዲህ ያለው ሰነድ ለሚፈርመው መሥሪያ ቤት በቂ ነው፤ ሰነዱን ይዞ ቤቱን ለሚፈልገው ሰው ግን ከክፍለ ከተማውና ከወረዳው ስም ያለፈ የሚነግረው ነገር የለም።

ቦሌ የጎዳና ስም አጥታ አይደለም። ከመስቀል አደባባይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው በይፋ አፍሪካ ጎዳና ነው፤ በሃያ ሁለት አድርጎ ወደ መገናኛ የሚዘልቀውና ቀድሞ አስመራ መንገድ ይባል የነበረው በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተሰይሟል፤ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሜሩን ጎዳናና ናሚቢያ ጎዳና አሉ፤ በአትላስ በኩል ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 በኢትዮጵያ ለዕርዳታ ሥራ ሲጓዝ በአውሮፕላን አደጋ በሞተው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ስም ይጠራል። ስሞቹ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ለሆነች ከተማ የተገቡና የሚያኮሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ሚኪ ሌላንድ ጎዳና መሄድ የፈለገ ሰው ለታክሲው የሚናገረው «አትላስ» ብሎ ነው፤ አፍሪካ ጎዳናም ለሁሉም ቦሌ መንገድ ነው። ነዋሪው ስሞቹን የማይጠቀምባቸው ስለናቃቸው ሳይሆን ሥራ ስላልተሰጣቸው ነው። በጎዳናው ግራና ቀኝ በተራ የሚሄድ ቁጥር እስከሌለ ድረስ የጎዳና ስም መታሰቢያ ይሆናል እንጂ አድራሻ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ረገድ ሩሲያኛ ተናጋሪ ከተሞች ያለፉበት መንገድ ለአዲስ አበባ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት የተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም ሥርዓቱን ኖረውበት ያውቁታል። ዳግማዊት ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1768 በሴንት ፒተርስበርግ በየጎዳናው ጫፍ የስም ሰሌዳ እንዲቆም አዘዘች፤ እ.ኤ.አ. በ1834 ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር በአንደኛው ወገን፣ ሙሉ ቁጥር በሌላኛው ወገን እንዲሆን ተደነገገ። በሞስኮ የጎዳና ቁጥር የሚጀምረው ለክሬምሊን ከሚቀርበው ጫፍ ነው፤ ወደ ውጭ ለሚጓዝ ሰው ጎዶሎው በግራ፣ ሙሉው በቀኝ ይውላል። በፒተርስበርግ ይህ ተገልብጦ ጎዶሎው በቀኝ ነው። በሁለት ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ የቆመ ቤት ሁለቱንም ቁጥር በእዝባር ተለይቶ ይይዛል፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ ተጨማሪ ሕንጻ ደግሞ «ኮርፑስ» በሚባል ንዑስ ቁጥር ይለያል። ይህን ሕግ የሚያውቅ መንገደኛ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ የሚፈልገው ቤት በየት አቅጣጫና በየትኛው ወገን እንዳለ ይረዳል። የፖለቲካ ለውጥም ይህን አላፈረሰውም። ታዋቂው ኔቭስኪ ጎዳና እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1944 በአብዮቱ ቀን ስም «ጥቅምት 25» ተብሎ ሲጠራ ቆይቶ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሷል፤ ቁጥሩ የጎዳናው ተራ እንጂ የማንም ጽሕፈት ቤት መዝገብ ባለመሆኑ የስሙ መለዋወጥ የቤቶቹን ቅደም ተከተል አላናጋም።

ለምሥራቅ አዲስ አበባ ከዚህም በላይ የሚቀርበው ግን የሶቪየት አዳዲስ ሰፈሮች ታሪክ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በገርጂ፣ በሳሚት፣ በጎሮ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች እንደ ሶቪየቶቹ «ሚክሮራዮን»፣ ማለትም ትምህርት ቤቱንና ሱቁን በውስጡ ይዞ በአንድነት እንደሚታነጽ የመኖሪያ ሰፈር፣ ከጎዳና ዳር የተደረደሩ ሳይሆኑ በመስክ ላይ በቡድን የቆሙ ሕንጻዎች ናቸው። በዕጣ ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው አድራሻም የሳይቱ ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ወለልና የቤት ቁጥር ነው። በሳሚት ብሎክ 12 አለ፤ በጎሮም አለ፤ በአራብሳም አለ። በአንድ ሳይት ውስጥም ብሎክ 12ን ያገኘ ሰው ብሎክ 13 ከጎኑ ይሁን ከሰፈሩ ማዶ እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈ ከሆነና ዕድሳት ከሸፈነውማ የሚጠየቀው ጥበቃው ወይም ባለ ሱቁ ብቻ ነው።

ሶቪየቶች ይህን መምታታት ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 መባቻ በቴሌቪዥን የቀረበው የኤልዳር ሪያዛኖቭ ፊልም ታሪኩ በሙሉ የተመሠረተው በሞስኮና በሌኒንግራድ ፍጹም አንድ ዓይነት አድራሻ በመኖሩ ላይ ነው፤ ሦስተኛ የግንበኞች ጎዳና፣ ቤት ቁጥር 25፣ ክፍል 12። ተመልካቹ ነገሩን የተቀበለው በየከተማው ተመሳሳይ ሰፈርና ተመሳሳይ የጎዳና ስም ስለሚያውቅ ነበር። መፍትሔ የፈለጉ ከተሞችም ነበሩ። ከሞስኮ ወጣ ብላ በተሠራችው ዜሌኖግራድ አብዛኛው የመኖሪያ ሕንጻ የጎዳና ስም የለውም፤ ሆኖም የሕንጻው ቁጥር የመጀመሪያ አሃዞች ሰፈሩን ስለሚናገሩ፣ ሕንጻ 1106 በአሥራ አንደኛው ሰፈር እንዳለ ቁጥሩ ብቻውን ይገልጻል፤ በመላ ከተማዋም የሚደገም ቁጥር የለም። በናቤሬዥኒዬ ቼልኒም ሰዎች አድራሻቸውን የሚናገሩት በሰፈር ቁጥርና በቤት ቁጥር ነው። እንግዲህ ጎዳና የሌለው ሰፈርም ቢሆን ቁጥሩ በከተማ ደረጃ ታስቦ ከተሰጠ በደንብ ሊመራ ይችላል። አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየሞቿ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋት አንድ የከተማ ሠንጠረዥና ቆርቆሮ ሰሌዳ ነው።

አድራሻ በሌለበት ከተማ ምልክት አድራሻ ይሆናል። «ከሩዋንዳ ወደ ቦሌ ሚካኤል ስትሄድ፣ ከፋርማሲው ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ገባ ብለህ፣ ሰማያዊ በር፤ ስትደርስ ደውልልኝ» የሚለው ገለጻ ለሁሉም የተለመደ ነው። ፍላሚንጎ፣ አትላስ፣ ኢምፔሪያል፣ ብራስ፣ ጃክሮስ የአንድ ሆቴል ወይም የአንድ ድርጅት ስም ሆነው ሳለ ሰፈር ተሰይሞባቸዋል። ይህ ልማድ የራሱ ውበት አለው፤ የከተማዋ ታሪክ በሕዝቡ አንደበት የሚጠበቀው በእሱ ነውና ማንም ሊያጠፋው አይገባም። ነገር ግን ምልክት ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ፣ ከቦሌም እስከ መገናኛ ያለውን የመንገድ ዳር ገጽታ ሲለውጥ፣ ብዙ ሱቅ፣ አጥርና ማስታወቂያ ተነሥቷል፤ አብሮም ሰው ቤቱን የሚያስረዳበት ምልክት ጠፍቷል።

የስልክ ካርታ ችግሩን ፈትቶታል የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት የታክሲ አገልግሎቶች፣ ከሩሲያው ያንዴክስ የወጣው ያንጎም ጭምር፣ ደንበኛውን በካርታ ነጥብ ማግኘታቸው ትልቅ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ነጥቡ የሚያሳየው ስልኩ ያለበትን ቦታ እንጂ የግቢውን በር አይደለም፤ ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ «የት ጋር ነህ?» ብሎ መደወሉ የዚህ ማስረጃ ነው። በሌሊት ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የደወለ ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ የመታጠፊያዎችን ዝርዝር ለመናገር ይገደዳል፤ ደዋዩ ሕፃን ወይም እንግዳ የቤት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ያንንም አታውቀውም። የፍርድ ቤት መጥሪያም ለካርታ ነጥብ አይሰጥም፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ ካልተገኘ መጥሪያው በመኖሪያው ላይ እንዲለጠፍ ወይም በጋዜጣ እንዲወጣ የሚፈቅድ ቢሆንም፣ መኖሪያው «የቤት ቁጥር አዲስ» ተብሎ ከተመዘገበ ሰው ሳያውቅ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። በዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ድሃው ነው፤ ድርጅት ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰው ያለበትን ቦታ ልኮ ራሱን ያስገኛል፤ በገርጂ ጓሮ ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት ግን ከሁለቱ አንዱም የላትም።

በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ሥራው በመጠነኛ ወጪ ተሞክሯል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ እንደ ዳካርና ያውንዴ ያሉ ከተሞች ለጎዳናዎች ቁጥር በመስጠት ጀምረዋል፤ ከተሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የቤቱን ቁጥር ከጎዳናው መነሻ ባለው ርቀት በሜትር መወሰን ነው። በዚህ ስሌት 240 ቁጥር ያለው ቤት ከመነሻው 240 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በመካከል አዲስ ቤት ቢሠራም የራሱ ቁጥር አስቀድሞ ስለሚታወቅ «አዲስ» የሚባል ቤት አይኖርም። ለቦሌ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ቪላ ፈርሶ ፎቅ በሚሆንበት፣ አንድ ግቢ ለሦስት በሚከፈልበት አካባቢ በተራ የተሰጠ ቁጥር ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳልና።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ለጎዳናዎች ተጨማሪ ስም ከመስጠቱ በፊት ያሉትን ስሞች ከቤት ቁጥር ጋር ማስተሳሰር፣ ቁጥሩንም ከወረዳው መዝገብ ለይቶ የወሰን ለውጥ የማይነካው ማድረግ ይጠበቅበታል። በለሚ ኩራ ግንባታው አሁንም አላበቃም፤ ከእንግዲህ የሚጠናቀቅ እያንዳንዱ የመኖሪያ ሳይት በከተማው የማይደገም የሕንጻ ቁጥር በግድግዳው ላይ ሳይሰቀልለት ለነዋሪ መተላለፍ የለበትም።