ሽንት ቤት ከመቆፈሩ በፊት ቦታው ይታይ

«በገዛ ግቢዬ ጉድጓድ ልቆፍር ብል ፈቃድ ሰጪው ማነው?» ብለው አንድ አባት ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አጥሩ የእርስዎ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ግን አጥር አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። ሕፃኑን በአንድ ወር ውስጥ ተቅማጥ ሲይዘው ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ቤታቸው ሄጄ አየሁ፤ ደጁ የተጠረገ፣ እንስራው የተከደነ፣ ሽንት ቤቱም አዲስ ነው። እናትየዋን የምወቅስበት ነገር አጣሁ። ነገር ግን ሽንት ቤቱ ከውኃው ጉድጓድ ሽቅብ፣ 12 እርምጃ ብቻ ርቆ ተቆፍሯል። በሚያዝያ ሲቆፈር ደረቅ ነበር፤ በነሐሴ ውኃው ከሥር ተነሥቶ ገባበት። ልጁ ዳነ፤ ያ ሁሉ የተደከመበት ጉድጓድ ግን ተደፍኖ እንደ ገና ሌላ መቆፈር ግድ ሆነ።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ዶማ ከመነሣቱ በፊት በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩና ቦታውን አሳዩአት። ሽንት ቤቱ ከውኃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ማለት 40 እርምጃ ያህል፣ ቁልቁል ይሁን። መሬቱ ስንጥቅ ድንጋይ ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፤ ጀርሙ በስንጥቁ ውስጥ ርቆ ይሄዳልና ይበልጥ ይራቅ። የጉድጓዱ ወለልና የከርሰ ምድሩ ውኃ በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል ደረቅ አፈር ይኑራቸው። ይህን በበጋ አትገምቱ! ውኃው የሚበዛው በክረምቱ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ በመስከረም የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚሞላ ጠይቁ።

የቧንቧ ውኃ ገብቶላችሁ በውኃ የሚለቀቅ ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ታንክ ለመሥራት ካሰባችሁ ነገሩ ሌላ ነው። በከተማ ከሆነ አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ስለ ፈቃዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ታንኩ ሁሉን ነገር ውጦ የሚያስቀር ይመስለዋል። አይደለም። ዝቃጩ ከታች ይቀራል እንጂ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ፈሳሹም ከነጀርሙ ነው። እንግዲህ መሬቱ ይጠጣ እንደ ሆነ ፈትኑት፦ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አፈሩ እስኪርስ ውኃ አፍስሱበት፤ ከዚያም እንደ ገና ሙሉትና ተመልከቱ። ዋልካ መሬት ውኃውን እስከ ማግሥቱ ይዞት ሊያድር ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማስረጊያ ጉድጓድ መሥራት ገንዘብ መጣል ነው፤ በክረምት ፈሳሹ ደጅ ላይ ይወጣል። ደግሞም ዝቃጩን የሚመጠው መኪና የሚገባበት መንገድ ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ታንክ መሙላቱ አይቀርም።

ባለሙያዋ ቦታውን ለማየት በምትመጣበት ቀን አባወራውም ጎረቤቱም ይገኙ። ከአጥሩ ማዶ እናንተ የማታውቁት የውኃ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል።