በሐዋሳ ስለ ተሠራው የፋብሪካዎች መንደር

የአንድ ሙያ ሰዎች ባንድ ሰፈር መሰብሰባቸው ባገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ተሰብስበው መሥራታቸው የታወቀ ነውና። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የተመረቀው፥ ጨርቅና ልብስ የሚሠራበት የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚሁ ሐሳብ የቆመ ነው።

ከጥቅሙ ሁሉ የሚበልጠው የውሃው ነገር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውምና ወደ እርሱ የገባ እድፍ ወዴት ይሄዳል? ጨርቅ የተነከረበት ውሃ ደግሞ ቀለምና ጨው ይዞ ይወጣል። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለብቻው ያጣራ ቢባል ወጪው እጅግ በከበደ ነበር። ባንድ ቅጥር ስለ ተሰበሰቡ ግን የሁሉም ውሃ ወደ አንድ ማጣሪያ ይወርዳል፤ ከዚያም አብዛኛው ተመልሶ ለሥራ እንዲውል፥ ጨውም ተለይቶ እንዲቀር ሆኖ ተሠርቷል። መምህራን ይህን በሰሌዳ ላይ በሥዕል ቢያሳዩት መልካም ነው።

ነገር ግን መሰብሰብ ጉዳትም አለው። ብዙው ልብስ ወደ አሜሪካ ይላክ ስለ ነበር በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ያለ ቀረጥ የማስገባቱን መብት ባነሣ ጊዜ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ባንድ ጊዜ ተጎዱ፤ ከገጠር የመጡ ብዙ ሴቶች ልጆችም ሥራቸውን አጡ። እንግዲህ ወደዚያ ልሂድን ብላ ምክር የምትጠይቃችሁ ልጅ ብትኖር፥ የምትሰፋው ልብስ ለየትኛው አገር እንደሚሸጥ አስቀድማ ትጠይቅ፤ የቤት ኪራዩንም ከደመወዙ ጋራ ታስተያይ።