ምዕራፍ ሰባት፦ አኔሞኒ የሚረጋበት ገንዳ

በ1828 እ.ኤ.አ. ሰር ጆን ዳልዬል የሚባል ስኮትላንዳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከኖርዝ ቤሪክ የባሕር ዳርቻ አንዲት ቀላ ያለች የባሕር አኔሞኒ ለቅሞ ኤዲንብራ ወሰደና በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኖራት። እሱ በ1851 ሞተ፤ እሷ ግን ገና ነበረች። ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው እየተላለፈች፣ «ግራኒ» የሚል ስም ወጥቶላት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወልዳ በ1887 አረፈች። ጋዜጣ ሳይቀር የሞት ዜናዋን አወጣላት። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ማሞቂያ ወይም የውሃ መመርመሪያ ኪት የሚባል ነገር በማንም ቤት አልነበረም። ዛሬ ይህ ሁሉ ያለው ሰው በውድ ዋጋ የገዛው አኔሞኒ ግን ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ይሞትበታል።

ግራኒ የቀዝቃዛ ባሕር ዝርያ ስለነበረች ማሞቂያም ሆነ ልዩ መብራት አያሻትም ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአያያዟ ነገር ግን ለዛሬም ይሠራል። ውሃዋ ቶሎ ቶሎ በንጹሕ የባሕር ውሃ ይቀየር ነበር፣ ምግቧ ጥቂት ነበር፣ ከዚያ ውጪ የሚነካካት አልነበረም። በእኔ ግምት በየቤቱ ከሚያልቁት አኔሞኒዎች አብዛኞቹ የጥድፊያ ሰለባ ናቸው። ገንዳው ሳይበስል ይገባሉ፣ ከልክ በላይ ይመገባሉ፣ ባለቤታቸው ደስ ባለው ቁጥር ከድንጋይ ድንጋይ ያዛውራቸዋል።

አኔሞኒ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ። አጥንት የለውም፣ አንጎል የለውም። ከታች የሚጣበቅበት እግር፣ ከላይ በጣቶች የተከበበ አንድ አፍ አለው፤ በዚያው ይበላል፣ በዚያው ይጥላል። ጣቶቹ ላይ በዓይን የማይታዩ፣ ሲነኩ ተፈትልከው የሚወጡ መርዛማ ክሮች ስላሉ ጓንት ማጥለቅ ደግ ነው፤ ገንዳው ውስጥ በገባ እጅ ዓይንን ማሸት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ለገበያ ከሚቀርቡት ውስጥ ለጀማሪ የምመርጥለት «ባብል ቲፕ» የሚባለውን ነው። የጣቶቹ ጫፍ አብጦ ስለሚታይ መለየቱ አያስቸግርም። ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ይኖራል፤ ለሳይንስ የተዋወቀውም ከቀይ ባሕር በመጣ ናሙና ነው፤ ያውም ግራኒ ከባሕር በወጣችበት በዚያው በ1828። ናሙናውን የሰበሰበው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ተጓዥ።

ወደ ውሃው እንምጣ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የአፋርን ጨው ብናሟሟስ?» ብሎ ነው። አይሆንም። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል፤ አብዛኛው የምናውቀው የገበታ ጨው ቢሆንም 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ ያንኑ ያህል ፖታሲየምና ሌሎችም ብዙ ማዕድናት አሉበት። አሞሌም ሆነ የሱቅ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የጨው ድብልቅ መግዛት ግድ ይላል። የሚበጠበጠውም በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ከቱቦው የሚመጣ መዳብም ሊኖረው ይችላል። መዳብ አኔሞኒን ይገድላል። ለዓሣ በሽታ የሚሸጡ መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች አኔሞኒ ባለበት ገንዳ ውስጥ የማይጨመሩትም ለዚህ ነው።

የውሃው እፍጋት ከንጹሕ ውሃ አንጻር በሬፍራክቶሜትር (በጨው መለኪያው) ሲለካ 1.025 አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን መዋዠቁ ነው የሚጎዳው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ የምንሞላው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ገንዳውን በየሳምንቱ ይበልጥ ጨዋማ እያደረገ ይሄዳል፣ አኔሞኒው መኮማተር ሲጀምር ደግሞ ጥፋቱን ከመብራቱ ይፈልጋል።

አዲስ አበባ ለሚኖር አንባቢ ሁለት ነገር ልጨምር። ከተማው ከፍታ ላይ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ቀንም ሌሊትም በፓምፕ መናወጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ችግሩ ይከፋል፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ማሞቂያው ይቆማል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከአኔሞኒው በፊት ቢገዛ ይሻላል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። አዲስ ገንዳ ያልቦካ ሊጥ ነው። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። ያኔ ጠንካራ ዓሣ ማስገባት ይቻላል። አኔሞኒ ግን ከዚያም በላይ መጠበቅ አለበት፤ ቢያንስ 6 ወር፣ ቢቻል ዓመት። ኪቱ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ ስላለ ብቻ ገንዳው በስሏል ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልጌው አንዴ ይፈላል አንዴ ይጠፋል፣ ባለቤቱም ጨውን፣ ሙቀትን፣ የውሃ ለውጥን ገና እየለመደ ነው። ዓሣው ይህን ሁሉ ይችላል፤ አኔሞኒው አይችልም።

ባብል ቲፕ ከሥጋው ውስጥ ቡናማ ደቂቅ አልጌ ያኖራል። አልጌው በብርሃን ስኳር ይሠራና ለአሳዳሪው ያካፍላል፣ የአሳዳሪውን ቆሻሻ ደግሞ ለራሱ ማዳበሪያ ያደርገዋል። ስለዚህ ለኮራል የሚሆን ጠንከር ያለ ኤልኢዲ ያስፈልገዋል፤ አዲስ ሲገባ ግን መብራቱን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነው። ከሱቅ ስትገዙ ነጭ የሆነውን «ብርቅ ነው» ቢሏችሁም እለፉት። አልጌውን አጥቶ እየተራበ ያለ ነው። ቀለም የተነከረም ይሸጣል፤ ብጫው ከልክ በላይ ሲያበራ ጠርጥሩ። ጥሩው አፉ የተዘጋ፣ ጣቶቹ ሲነኩ የሚጣበቁ፣ እግሩ ያልተቀደደ ነው። ከሁሉም በላይ የሚታየው እግሩ ነው፤ ሻጩ ከመስታወቱ ጎትቶ ሲያላቅቀው ከተቀደደ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ቤት ሲገባ የተቀመጠበት ቦታ ላይረጋ ይችላል። እግሩን እየሳበ ይሄዳል፤ እግሩን የሚደብቅበት ስንጥቅ፣ ጣቶቹን የሚዘረጋበት ብርሃንና መጠነኛ የውሃ ፍሰት እስኪያገኝ። ተዉት። ከመሄዱ በፊት ግን የፓምፑን መምጠጫ በስፖንጅ ሸፍኑ። በፓምፕ ተስቦ የተፈጨ አኔሞኒ መርዙን በትኖ ዓሣውንም ሊጨርስ ይችላል።

ምግቡ ከሽምብራ ፍሬ ያልበለጠ የሽሪምፕ ወይም የዓሣ ቁራጭ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ትልቅ ቁራጭ ስትሰጡት ይውጠውና በማግስቱ ሳይፈጭ ይተፋዋል፤ ውሃው ይበላሻል፣ እሱም ጉልበቱን በከንቱ ጨርሷል።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው አንድ ነገር አለ። ማታ ተዘርግቶ የነበረው አኔሞኒ ጠዋት ተጨምቆ ጡጫ አክሎ ይገኛል። አፉ ይከፈታል፣ ቡናማ ዝልግልግ ክር ይወጣዋል፣ ጣቶቹ ይሟሽሻሉ። ይህ መጸዳዳት ነው። ያረጀውን ውሃ ከሆዱ አስወጥቶ አዲስ ይሞላል፤ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይነፋል። እየሞተ ያለውን ግን መለየት ይቻላል። አፉ ተበልቅጦ ይቀራል፣ የሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ሥጋው በእጅ ላይ ይበጣጠሳል፣ ሽታው የበሰበሰ ነው። ያን ጊዜ ማዘን ሳይሆን ማውጣት ነው፤ ያኔውኑ፣ ከዚያም ብዙውን ውሃ መቀየር።

ሲመቸው ባብል ቲፕ ራሱን ከመሐል ሰንጥቆ ሁለት ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ውሃው ሲበላሽ በጭንቀት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከመደሰታችሁ በፊት ውሃውን መርምሩ።

ብዙ ሰው አኔሞኒ የሚገዛው በጣቶቹ መሐል ለሚጠለለው ዓሣ፣ ለክላውንፊሽ ብሎ ነው። በቀይ ባሕር የባብል ቲፕ ጎረቤት ሁለት ነጭ መስመር ያለው ክላውንፊሽ፣ አምፊፕሪየን ባይሲንክተስ ነው። ዓሣው በገንዳ ውስጥ አኔሞኒ ባይኖርም በሰላም ይኖራል፤ የግድ የሚያስፈልገው ውጪ ባሕር ላይ ነው፣ አዳኝ ባለበት። አብረው ቢገቡም ዓሣው ለሳምንታት ዘወር ብሎ ላያየው ይችላል። ሲወደው ደግሞ ይብሳል፤ ቀኑን ሙሉ ይታሸዋል፣ ምግቡን ይነጥቀዋል፣ ትንሽ ከሆነ እንዳይዘረጋ ያደርገዋል። ስለዚህ አኔሞኒው ቦታውን ይዞ በደንብ እስኪበላና ሲዘረጋ ከዓሣው ርዝመት ሁለት እጥፍ እስኪሆን ድረስ ዓሣውን አታስገቡ።